ክሩዝ ላይ ስኖርክል ለማትፈልጉ፣ መዋኘት ብቻ ለምትፈልጉ፦ የትኛው ቢች ይሻላል?

ክሩዝ ቡክ ስታደርጉ መርከቡ የሚቆምባቸው ቦታዎች ፎቶ ሁሉም አንድ አይነት ነው፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ዘንበል ያለ የኮኮናት ዛፍ፣ በቃ። የየፖርቱን፣ ማለት መርከቡ የሚቆምበትን ወደብ፣ ኤክስከርሽን (ለቀኑ የሚሸጡትን ጉብኝት) ስትከፍቱ ደግሞ መአት ስኖርክል ነው የሚመጣላችሁ፣ መነጽር አድርጎ ቱቦ አፍ ውስጥ ከቶ አሳ ማየት። የሚወድ ይወደዋል፣ እኔና ባለቤቴ ግን አንወደውም። እኔ የምፈልገው መዋኘት ነው፣ ሃያ ደቂቃ ሳልቆም ሄጄ ተመልሼ፣ ወጥቼ ትንሽ በልቼ እንደገና መግባት። እሷ ደግሞ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ከልጆቹ ጋር መጫወት ነው የምትወደው፣ እናቴ አብራን ስትመጣ እግሯን ነክራ ጥላ ስር መቀመጥ ነው። ለእንደዚህ አይነት ቤተሰብ የሚሆን ምክር ስፈልግ ያገኘሁት አብዛኛው ለስኖርክል ሰዎች የተጻፈ ነበር፣ ስለዚህ ካየናቸው ቦታዎች ተነስቼ ለኛ ቢጤ ልጻፈው ብዬ ነው። የማወራው ከማያሚ፣ ከፎርት ላውደርዴል፣ ከባልቲሞር ስለሚነሱት የካሪቢያንና የባሃማስ ጉዞዎች ነው፣ እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሄድባቸው እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። አሳ የሚሰበሰበው ድንጋይና ኮራል ባለበት ነው፣ ባዶ አሸዋ ላይ አሳ ምን ይሰራል? ስለዚህ ስኖርክል የሚወድ ሰው "እዛ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ አትድከሙ" ያለው ቢች ለኛ ብዙ ጊዜ ምርጡ ነው። ምንም የለም ማለት ከስር አሸዋ ብቻ ነው፣ እግር የሚቆርጥ ድንጋይ የለም፣ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁሩ የባህር እንስሳም የለም ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ "ከባህሩ ዳር ጀምሮ አሳ ነው" የተባለበት ቦታ ላይ ልጅ ይዛችሁ በባዶ እግር ለመግባት ሁለቴ አስቡ። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ የሰው አስተያየት የማነበው ገልብጬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ካሪቢያን ላይ ነፋሱ አመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምስራቅ ነው የሚነፍሰው፣ ስለዚህ የደሴቱ ምስራቅ በኩል ማዕበል ይበዛዋል፣ ምዕራቡ ደሴቱ ራሱ ስለሚከልለው ጸጥ ይላል። ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባህር ሳርም እንደዛው፣ ከ2011 ወዲህ በየአመቱ ማለት ይቻላል በብዛት እየመጣ ምስራቅና ደቡብ የሚያዩትን ዳርቻዎች ነው በዋናነት የሚሞላው፣ ሲበሰብስ ሽታው እንደተበላሸ እንቁላል ነው። የሚብሰው ደግሞ ከጸደይ እስከ በጋው (የአሜሪካውን ሰመር ማለቴ ነው) መጨረሻ፣ ልክ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛ ልጆች ይዘን በምንሄድበት ጊዜ ነው። ካርታ ከፍታችሁ ቢቹ ወደ የት እንደሚያይ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ከማንም ምክር በላይ ግን ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

ለሚዋኝ ሰው የኔ አንደኛ ሴንት ቶማስ ላይ ያለው ሜገንስ ቤይ ነው፣ ሳልጠራጠር ነው የምለው። ሴንት ቶማስ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ውስጥ ነው፣ አሜሪካ ከዴንማርክ በ1917 በ25 ሚሊዮን ዶላር የገዛቻቸው፣ ገንዘቡም ዶላር ነው። መርከቡ ሃቨንሳይት ወይም ክራውን ቤይ ይቆማል፣ ከዛ ሳፋሪ የሚሉት ታክሲ አለ፣ ፒክአፕ መኪና ኋላው ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት ጎኑ ክፍት የሆነ፣ በሰው ነው የሚያስከፍሉት። መንገዱ ወደ ላይ ተራራ ይወጣና በሌላኛው በኩል ይወርዳል፣ የሚነዱትም በግራ ስለሆነ መታጠፊያ ላይ እናቴ እጄን ጨምድዳ ነበር የያዘችው፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን ከታች ያ ውሃ ሲታያት ለቀቀችኝ። ባህሩ ወደ መሬቱ ረጅም ዩ ሰርቶ ገብቶ ሁለቱም ጎኑ በኮረብታ ተከልሏል፣ ዳርቻው ወደ አንድ ማይል የሚጠጋ አሸዋ ነው። አርተር ፌርቻይልድ የሚባል ሰው በ1946 ለደሴቱ ህዝብ የሰጠው መሬት ነው፣ ለዛ ነው ዳር ዳሩ ላይ ሆቴል ተደርድሮ የማታዩት።

ውሃው እንዴት ነው ካላችሁ፣ ብዙ ርቃችሁ ሄዳችሁ እንኳ ወገብ ላይ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ከስር ልስልስ ያለ አሸዋ። እኔ ዳርቻውን ተከትዬ ቁመቴን በማያልፍ ውሃ ላይ ረጅም ዋኘሁ፣ ለመተንፈስ ጭንቅላቴን በዞርኩ ቁጥር በአንድ በኩል ዛፎቹን በሌላ በኩል ኮረብታውን ነበር የማየው፣ አንዴ ፔሊካን የሚባለው ምንቃረ ረጅም ወፍ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ ተወርውሮ ውሃው ውስጥ ሲገባ ደንግጬ ቆምኩ፣ አሳ እያደነ ነው። ላይፍጋርድ አለ፣ ሽንት ቤትና ሻወር አለ፣ የዛፍ ጥላ በነጻ ነው፣ ወንበር ትከራያላችሁ፣ መግቢያ ያስከፍላሉ ግን ጥቂት ዶላር ነው። ጉዳቱስ? አምስት ስድስት መርከብ በአንድ ቀን ከቆመ መሃሉ ይጨናነቃል፣ ያኔ ዝም ብላችሁ ወደ ዳር መራመድ ነው፣ አብዛኛው ሰው ከባሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሌላው፣ ቢቹ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያይ ክረምት (የአሜሪካው ዊንተር) ላይ አትላንቲክ ውስጥ ከሩቅ የሚነሳ ሞገድ አልፎ አልፎ ይደርስበታል። ሰንስክሪናችሁንም ቀድማችሁ እዩት፣ ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበት እዛ ክልክል ነው፣ ዚንክ ኦክሳይድ የሚል ግዙ። ጥቁር ነን አንቃጠልም የሚል ካለ ደግሞ እኔ ጀርባዬ ተልጦ ነው የመጣሁት፣ ተቀቡ።

ከሱ ቀጥሎ ግራንድ ኬይማን ደሴት ላይ ያለው ሰቨን ማይል ቢች ነው። ስሙ ሰባት ማይል ይበል እንጂ ያን ያህል አይረዝምም፣ ግን ረጅም ነው፣ ምዕራብ ስለሚያይ ብዙ ቀን ውሃው እንደ ገንዳ ነው፣ ጥራቱ ደግሞ ደረት ላይ ቆማችሁ የእግር ጣታችሁን ትቆጥራላችሁ። በውሃ ጥራት ብቻ ቢሆን ከሜገንስ ቤይ ይበልጥብኛል። ታዲያ ለምን ሁለተኛ አደረግኸው ካላችሁ፣ እዛ መርከቡ መሬት አይጠጋም፣ ባህር ላይ ይቆምና በቴንደር፣ ማለት በትንሽ ጀልባ ነው ጆርጅ ታውን የሚያወርዷችሁ። ቲኬት ወስዶ መሰለፍ፣ መውረድ፣ ከዛ ታክሲ ወይም ሚኒባስ፣ ለመመለስም ሌላ ሰልፍ፣ ስምንት ሰአት ቆይታ የተባለው ውሃ ውስጥ ሲቆጠር ሶስት አራት ሰአት ይሆናል። ሰው ደግፎት ለሚወርድ ሽማግሌ ወይ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ያቺ ከመርከቡ ወደ ጀልባው መሻገሪያዋ ትከብዳለች፣ ባህሩ ትንሽ ሲነሳ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። ማዕበሉ ከባሰ ደግሞ ካፒቴኑ ፖርቱን ይሰርዘዋል፣ ምንም ማድረግ አትችሉም። ስትሄዱ መሃሉ ላይ ፐብሊክ ቢች በሉት ለሾፌሩ፣ ጥላና ሽንት ቤት አለው። ደቡቡ ጫፍ አካባቢ አሸዋው በማዕበል ተበልቶ ያለቀበት ቦታ አለ፣ ሰሜኑ በኩል ያለው ሴሜተሪ ቢች ደግሞ ድንጋይ ስላለው የስኖርክል ሰዎች ናቸው የሚሄዱበት። ሂሳብ ላይም ልብ በሉ፣ የኬይማን ዶላር ከአሜሪካው ዶላር ይበልጣል፣ ሜኑው ላይ ያለውን ቁጥር እንደ አሜሪካ ዶላር አድርጋችሁ ካነበባችሁት ስትከፍሉ ትደነግጣላችሁ።

ኮዙሜል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ነው፣ እኛም ተሳስተናል። የሜክሲኮ ደሴት ነው፣ ዳይቪንግና ስኖርክል የሚወዱ ሰዎች ከአለም ዙሪያ የሚመጡበት፣ እንግዲህ ቅድም ያልኩትን አስታውሱ፣ አሳ ካለ ድንጋይ አለ። ምዕራቡ ዳርቻ ጸጥ ያለ ነው ግን ብዙው ቦታ ጥቁር ሸካራ ድንጋይ ነው፣ በብረት መሰላል ነው ወደ ውሃው የምትወርዱት፣ ከመሰላሉ ስትለቁ እግራችሁ መሬት አይነካም። ለሚዋኝ ሰው ይሄ ምንም አይደለም እንደውም ደስ ይላል፣ ለማይዋኝ ግን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። እኛ ስንሄድ "ቢች" የሚል ስም ያለው ጉዞ ገዛን፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ጀልባ ላይ ጭነውን ሁለት ቦታ ለስኖርክል ቆሙ፣ ባለቤቴ ላይፍ ጃኬቷን እንዳሰረች ጀልባዋ ላይ ሁለት ሰአት ተቀመጠች፣ መጨረሻ ላይ አሸዋ ያለበት ቦታ ያወረዱን ለአርባ ደቂቃ ነው። ልጄ ገና አሸዋ መቆፈር ሲጀምር ተነሱ ተባልን። እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬም አላስብም፣ ግን ከዛ ወዲህ ሳልገዛ በፊት በሰአት በሰአት ምን እንደሚደረግ ሳልጠይቅ አልከፍልም፣ እናንተም "አሸዋው ላይ ስንት ሰአት ነው የምንቆየው" ብላችሁ ጠይቁ።

ኮዙሜል ላይ አሸዋ የምትፈልጉ ከሆነ ከፖርቶቹ በታክሲ ወደ ደቡብ ሩብ ሰአት ገደማ ሄዳችሁ ቢች ክለብ የሚሉት አለ፣ ፓራዳይዝ ቢች፣ ሚስተር ሳንቾስ፣ ፕላያ ፓላንካር የመሳሰሉት። አንዳንዱ ምግብና መጠጥ ሁሉ ጨምሮ በአንድ ዋጋ ነው፣ አንዳንዱ ይሄን ያህል ብሉ ብሎ ዝቅተኛ ሂሳብ ያስቀምጣል። እኔ ልጆች ካሉ ሁሉን ያጠቃለለውን እመርጣለሁ፣ የመዋኛ ገንዳ ስላላቸው ባህሩ ባይመች እንኳ ቀኑ አይባክንም። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደሴቱ ምዕራብ በኩል ውሃው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይፈሳል፣ ላዩ ጸጥ ብሎ ሳለ መዋኛውን ከከለለው ገመድ ውጪ ከወጣችሁ ሳታውቁት ይወስዳችኋል፣ ሄዳችሁ ስትመለሱ ያኔ ነው የሚገባችሁ። ምስራቁ በኩል ደግሞ ለፎቶ ሂዱ እንጂ አትዋኙ፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ አለው፣ በጣም ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ የሚል ሰው ቢሆን እንኳ።

ግራንድ ተርክ፣ የተርክስና ካይኮስ ደሴት፣ ለየት ያለች ናት፣ ከመርከብ ወርዳችሁ የፖርቱን ሱቆች አልፋችሁ ቢቹ እዛው ነው። ታክሲ የለ፣ ትኬት የለ፣ ልጅ እንቅልፉ ከመጣ መልሶ ካቢን ማስተኛት ይቻላል። ለእናቴ ከሁሉም የተመቻት ይሄ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰአት ቆይታ ምሳዋን መርከቡ ላይ በላች፣ ከሰአት ደግሞ ተመለሰች። ፖርቱ አጠገብ ያለው ውሃ ቦታ ቦታ ላይ ጠጠር አለበትና የውሃ ጫማ ያዙ፣ አሥር ምናምን ደቂቃ በእግር ከሄዳችሁ ገቨርነርስ ቢች የሚባለው አለ፣ እሱ ዛፍ አለው፣ አሸዋውም ይሻላል። ለዋናተኛ የምለው፣ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ የባህሩ ወለል በአንዴ ገደል ሆኖ በሺዎች ሜትር ይወርዳል፣ ከላይ ስታዩት ፈዛዛው ሰማያዊ ተቆርጦ ጥቁር ሰማያዊ የሚጀምርበት መስመር አለ። ያቺን መስመር እንደ አጥር ቁጠሯት።

መርከብ ድርጅቶቹ የራሳቸው ያደረጓቸው የባሃማስ ደሴቶችስ? ዋና ለማይችል፣ ሽማግሌና ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤተሰብ እኔ እነሱን ነው የማስቀድመው፣ "እሱ እኮ እውነተኛ አገር አይደለም" የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው፣ አገር ለማየት ከሆነ ሌላ ቦታ ውረዱ፣ ለመዋኘት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃፍ ሙን ኬይ ሆላንድ አሜሪካ በ1996 የገዛው ደሴት ነው፣ ካርኒቫልም ይቆምበታል፣ ስሙ እንደሚለው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ረጅም ነጭ አሸዋ፣ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ውሃ፣ እኛን በትንሽ ጀልባ ነው ያወረዱን። ኮኮኬይ የሮያል ካሪቢያን ነው፣ መርከቡ ድልድዩ ላይ ስለሚጠጋ በእግራችሁ ትወርዳላችሁ፣ ላይፍጋርድ በየቦታው አለ፣ ላይፍ ጃኬት በነጻ ይሰጣሉ፣ ትልቅ የመዋኛ ገንዳም አለው። ለኔ አይነቱ ዋናተኛ ያለው ችግር ገመዱ ቅርብ መሆኑ ነው፣ አለፍ ስትሉ ፊሽካ ይነፋባችኋል፣ ግን ለልጆቼ ሲሆን ያው ፊሽካ ደስ ይለኛል። ምሳው ከመርከቡ ዋጋ ጋር የተከፈለ ስለሆነ ለአምስት ሰው ምሳ ሳትገዙ መዋላችሁም ትልቅ ነገር ነው። የባሃማስ ውሃ ግን ጥርና የካቲት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ሃያ ሶስት ሃያ አራት ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ልጆች ከንፈራቸው ይጠቁራል። በዛ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ጉዞ ምረጡ።

ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ አሩባ ላይ ፓልም ቢች ጸጥ ያለና አሸዋማ ነው፣ ከፖርቱ ፊት ለፊት የህዝብ አውቶቡስ አለ። ባርቤዶስ ላይ ካርላይል ቤይ ለፖርቱ በጣም ቅርብ ነው፣ እሱም ምዕራብ የሚያይ ጥሩ መዋኛ ነው። ሴንት ማርተን ግን ተጠንቀቁ፣ ሁሉም ሰው አውሮፕላን ጭንቅላት ላይ የሚያልፍበትን ማሆ ቢችን ያወራል፣ አይታችሁ ፎቶ አንሱና ሂዱ፣ ሞገዱ ዳር ላይ ይመታል፣ የጄቱ ንፋስ ደግሞ በ2017 አጥሩ ጋ ቆማ የነበረች ሴት ገድሏል። ለመዋኘት ፖርቱ አቅራቢያ ፊሊፕስበርግ ያለው ግሬት ቤይ ይበቃል፣ በውሃ ታክሲ ትደርሳላችሁ። ኦሪየንት ቤይ ያማረ ነው ግን ምስራቅ ነው የሚያየው፣ በሳርጋሰም ወራት ሳትጠይቁ አትሂዱ።

እኛ ዋና ለተማርነው ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ላንጋኖ ወይ ሶደሬ ወይ ግዮን ሆቴል ገንዳ ነው የተማርነው። ጨው ውሃ ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ መጀመሪያ ላይ ከሃይቅ በጣም ይቀላል፣ ያ ነው ሰውን የሚያዘናጋው፣ ባህር ግን ይንቀሳቀሳል። ውሃው ወደ ውስጥ እየጎተታችሁ ከሆነ ፊት ለፊት ከሱ ጋር አትታገሉ፣ ትደክማላችሁ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኙና ሲለቃችሁ ውጡ። ካሪቢያን ላይ ብዙ ቢች ላይፍጋርድ የለውም። ባንዲራ ካለ ቀይ ሲሆን አትግቡ።

ሰአት ላይ፣ ስልካችሁ ራሱ ይቀያይርና ያሳስታችኋል። ኮዙሜልና ኬይማን በበጋ ሰአታቸውን ስለማይቀይሩ ከማያሚ በአንድ ሰአት ወደ ኋላ ናቸው፣ ቨርጂን ደሴቶች ደግሞ በክረምት በአንድ ሰአት ይቀድማሉ። መርከቡ የሚሄደው በራሱ ሰአት ነው፣ ስለዚህ ስትወርዱ የመርከቡን ሰአት በእጅ ሰአት ያዙ። በራሳችሁ ታክሲ ከሄዳችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም፣ እኛ ሁለት ሰአት ሲቀረው ነው ከቢች የምንነሳው፣ ልጅ አድርቆ አልብሶ ታክሲ እስኪገኝ ያልቃል።

ወረቀት ነገር ደግሞ ከቢች ምርጫ በፊት ይምጣ። በግሪን ካርድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ሰዎች መርከቡ የሚቆምበት እያንዳንዱ አገር ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን በጽሁፍ ጠይቁ። አሳይለም ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያለ አድቫንስ ፓሮል (ከአሜሪካ ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) እንዳይሳፈር፣ ሳምንት ሽርሽር ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ ጠበቃ ያናግር። ነሐሴ ላይ በፍልሰታ ጾም የምትሄዱ መርከቡ ላይ አትቸገሩም፣ ቢች ላይ ግን ሩዝና ባቄላው ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ስለሚሰራ ጠይቃችሁ ብሉ፣ ወይ ከመርከቡ የታሸገ ነገር ያዙ።

እንግዲህ ሁሉም የሚዋኝ ቤተሰብ ከሆናችሁ ሴንት ቶማስ ያለበትን ጉዞ ፈልጉ። የሚዋኝ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሌላው ውሃ ዳር የሚቀመጥ ከሆነ ግራንድ ተርክ ወይ የባሃማሶቹ ደሴቶች። ኬይማን ጉልበት ላለውና ሰልፍ ለማይሰለቸው። ኮዙሜል ቢች ክለብ ቀድማችሁ ከያዛችሁ ብቻ። በዕለቱ ጠዋት ደግሞ ቁርስ ሳትበሉ ላይ ዴክ ውጡና ባንዲራው ወደየት እንደሚውለበለብ እዩ፣ ነፋሱ ከባህር ወደምትሄዱበት ቢች እየነፈሰ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ካያችሁ፣ ታክሲ ሳትይዙ በፊት ሁለተኛ ምርጫችሁን አውጡ።